የመብረቅ አመድ መጣ፤ የት ላኑረው?

የመብረቅ እህት

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው፤ ሳነብ ግን ቆይቻለሁ።

ውሻችን መብረቅ ከሦስት ሳምንት በፊት ሞተ። 13 ዓመቱ ነበር። ስሙን ያወጣለት ወንድሜ ነው፤ ቡችላ ሆኖ ቤቱን ሲያምሰው አይቶ። ካደገ በኋላ ከመብረቅ የቀረው ስሙ ብቻ ነበር። ሥራው በሩ ሥር ተጋድሞ መዋል ነው። አባቴ ጠዋት ሲወጣ «ተነስ እንጂ አንተ!» ይለዋል፤ እሱ አንድ ዓይኑን ገልጦ ያየውና መልሶ ይጨፍናል፤ አባቴ ተሻግሮት ይሄዳል። ስንት ዓመት ሙሉ፣ በየቀኑ።

ለብቻው አቃጥለው አመዱን ሰጡን። አሁን በቆርቆሮ ጣሳ ሆኖ ጫማ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። እዚያ ያደረግኩት ሌላ ቦታ ስላልመጣልኝ ነው። እናቴ «መሬት ይግባና ይረፍ» ትላለች። ወንድሜ የሚኖረው ሌላ አገር ነው፤ «እኔ ሳልመጣ እንዳትነኩት፣ ድርሻ አለኝ» ብሏል። እኔ አንገቴ ላይ ባደርገው ደስ ይለኛል። አባቴን ስጠይቀው «እናንተ እንደመሰላችሁ» ብሎ ተነስቶ ወጣ።

የእሱ የምንለው ዕቃ ብዙ የለም። የአንገት ማሰሪያው፣ አንድ ገመድ፣ ከዚያ ደግሞ ቡችላ ሳለ እግሩን ያኘከው የእንጨት ወንበር። እናቴ በየዓመቱ «ይጣል» እያለች በየዓመቱ የሚተርፍ ወንበር ነው።

ጣሳውን አንዴ ከፍቼዋለሁ። የምድጃ አመድ መስሎኝ ነበር። አይደለም፤ ሻካራ አሸዋ ነው የሚመስለው፣ ነጣ ያለ። ደንግጬ ዘጋሁት።

እናንተ ምን አደረጋችሁ? ምንስ አድርጋችሁ ተጸጸታችሁ? እውነቱን ለመናገር ሁለተኛውን ነው የበለጠ ማወቅ የምፈልገው።

ውሪት

አይዞሽ እህቴ። የኔዋ ከሞተች ዓመት አለፋት፤ አሁንም በጨለማ ስገባ እግሬን እየጎተትኩ ነው የምራመደው፣ እንዳልረግጣት። ለጥያቄሽ መልስ የለኝም፣ ዝም ብዬ ላለማለፍ ነው።

የጥርሶ አባት

በመጀመሪያ፣ አሸዋ መምሰሉ አያስደንግጥሽ። ሥጋውም ፀጉሩም ከ760 እስከ 980 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚደርስ ሙቀት ጋዝ ሆኖ ነው የሚሄደው። የሚተርፈው አጥንቱ ነው። እሱን ያቀዘቅዙና፣ ብረት ካለበት በማግኔት ይለቅሙና፣ በማሽን ፈጭተው ይሰጡሻል። በአብዛኛው ካልሲየም ፎስፌት ነው። አመድ የምንለው ሌላ ስም ስላላወጣንለት ነው እንጂ የአጥንት ዱቄት ቢባል ይሻለዋል። ነጣ ማለቱም፣ ሸካራነቱም ልክ ነው፤ የተሳሳተ ነገር አልሰጡሽም።

ሁለተኛ፣ መጠኑን አስቢበት። ሰው ሁሉ የሚዘነጋው ይሄንን ነው። ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 36 ሚሊ ሊትር ገደማ ቦታ ያስፈልጋል። አራት ኪሎ የምትመዝን ድመት 150 ሚሊ ሊትር የማይሞላ ዕቃ ይበቃታል። ውሻዬ ጥርሶ ግን 40 ኪሎ ነበር። እኔ ደግሞ ሒሳቡን ሳልሠራ አንድ ሊትር የሚይዝ የሚያምር የሸክላ ዕቃ ገዛሁ። ከላይ እስከ አፉ ሞላሁት፤ ፌስታሉ ውስጥ ግማሽ ሊትር ያህል ቀረ። እዚያ ቆሜ «አሁን የቱ ነው ጥርሶ?» ብዬ ራሴን የጠየቅኩበትን ምሽት አልረሳውም።

ሦስተኛ፣ ያለበትን ፌስታል እስክትወስኑ ድረስ አትፍቺው። እርጥበት ካገኘ ይጓጉላል። ከዚያ በቀር አይበሰብስም፣ አይሸትም፣ ዓመት ቢቀመጥ ያው ነው። ጫማ መደርደሪያው ላይ ቢሰነብት የሚደርስበት ነገር የለም።

ዝናብ ሲመጣ

የተጸጸተ ካልሽ እኔ አለሁ።

ድመታችን በሞተች በአምስተኛው ቀን ነው የበተንናት። ሐሳቡ የኔ ነበር። ከፍ ያለ ቦታ ወጥተን፣ አራታችንም ቆመን፣ አንድ ሁለት ቃል ተናግረን፣ እኔ ጣሳውን ገልበጥ። ሁሉም ነገር በሐሳቤ ውስጥ ቆንጆ ነበር። ነፋሱን ግን ማንም አላሰበውም። ከባድ ከባዱ እግራችን ሥር ዱብ አለ፤ ደቃቁ ተነስቶ ባለቤቴ ኮት ላይና እህቴ ፀጉር ውስጥ ገባ። እህቴ ማልቀስም መሳቅም አቃታት። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም፣ አለቀ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባል የለ? እኔ አፍስሼ አልለቀምኩም።

የሚቆጨኝ ግን ነፋሱ አይደለም። ምንም ሳላስቀር መድፋቴ ነው። ከወራት በኋላ የባለቤቴን ኮት ልሰቅል ስል የኪሱ ክዳን ሥር፣ ስፌቱ ላይ፣ ጥቂት ነጭ ነገር አየሁ። ጣቴን አስጠጋሁና ሳልነካው መለስኩት። ኮቱ አልታጠበም። ባለቤቴም አይለብሰውም፤ ለምን እንደማይለብሰው አንድም ቀን አልተነጋገርንም፣ ግን ሁለታችንም እናውቃለን።

መበተን ከፈለጋችሁ ነፋሱን ጀርባችሁ ላይ አድርጉት፣ በርከክ ብላችሁ ከመሬት አጠገብ ቀስ አድርጋችሁ አፍስሱት። ቦታው የሌላ ሰው ከሆነ አስፈቅዱ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ማንኪያ አስቀሩ። ምን እንደምታደርጉበት ባታውቁም አስቀሩ።

ቆጥቋጭ

ቅር እንዳትሰኙ እንጂ፣ ለውሻ ይሄ ሁሉ? አመድ አመድ ነው።

ሽበት

ልጄ ቆጥቋጭ፣ አልተቀየምንም። ግን አዲስ ነገር አይምሰልህ።

እ.ኤ.አ. በ1914 ጀርመን ውስጥ ቦን አጠገብ፣ ኦበርካሰል በሚባል ቦታ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ከውሻ ጋር ተቀብረው ተገኝተዋል። የዛሬ 14,000 ዓመት ገደማ መሆኑ ነው። ውሻው ቡችላ ነው፤ ሰባት ወር እንኳ በቅጡ አልሞላውም። ጥርሱን የመረመሩት ሰዎች ከባድ በሽታ ይዞት እንደነበረና ሰው ካልተንከባከበው በቀር ያን ያህል ሊቆይ እንደማይችል ነው የሚናገሩት። አስበው፤ እርሻ የለ፣ መንደር የለ፣ ሰዎቹ አድነው ነው የሚበሉት። ለአደን የማይረባ በሽተኛ ቡችላ ሲያስታምሙ ነበር። የጥንቱ ግሪካዊ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ደግሞ ስለ ጥንት ግብፃውያን ሲጽፍ፣ ቤት ውስጥ ድመት ስትሞት ቤተሰቡ በሙሉ ቅንድቡን ይላጭ ነበር ይላል። ውሻ ሲሞትማ መላ ሰውነታቸውን ነው።

ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ እኛ ደግሞ ለጮኸልን ይቺን ታህል ብናስብ ምን አለበት?

ቆጥቋጭ

እሺ ጋሼ፣ ተቀብያለሁ። ቅንድቤን ግን አልላጭም።

ሙጫ በእጄ

እኔ በእጄ ነገር መሥራት እወዳለሁ። ስለዚህ የድመቴን አመድ ከሬዚን (ፈሳሽ ሆኖ ፈስሶ ከሚጠነክር ሙጫ) ጋር አቀላቅዬ ክብ ጌጥ ሠራሁ፣ መስኮት ላይ የሚንጠለጠል። ሲያልቅ የከዋክብት ጭጋግ ነበር የሚመስለው። ሁለት ስህተት ሠራሁ። አንደኛ፣ አመዱን በወንፊት ሳላጣራ ነው የጨመርኩት፤ ትልልቁ ፍሬ ሁሉ ወደ ታች ዘቀጠና አንድ ጎን ላይ ተከመረ። ሁለተኛ፣ ፀሐይ ላይ ሰቀልኩት። ሬዚን ፀሐይ አይወድም። ቢጫ እያለ፣ እያደር የድሮ ፕላስቲክ መሰለ። አሁን መሳቢያ ውስጥ ነው። ልጥለው አልችልም፣ ላየውም አልወድም።

በሁለተኛው ዙር (ጥቂት አስቀርቼ ነበር፣ እድሜ ለስስቴ) ወደ መስታወት ሠሪ ወሰድኩት። እነሱ 1,100 ዲግሪ አካባቢ የቀለጠ መስታወት ላይ አመዱን ነስንሰው፣ በላዩ ሌላ ንጣፍ ይደርቡበታል። የሚፈልጉት ግማሽ የሻይ ማንኪያ የሚሞላ አይደለም። አመዱ ሲግል መስታወቱ ውስጥ ጥቃቅን አረፋ ይፈጥራል፤ ሠሪው አስቀድሞ ነግሮኝ ስለነበር አልከፋኝም። እንዲያውም አረፋዎቹን ነው የምወዳቸው፤ እስትንፋስ ይመስላሉ። ይሄኛው ቢጫ አይሆንም። ቢወድቅ ግን ይሰበራል፣ ያንን እወቂ።

ያልተጠየቀ ምክር፦ የምትልኪው ከሆነ ሁሉንም እንዳትልኪ። ፖስታ ይጠፋል።

የመብረቅ እህት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዝናብ ሲመጣ፣ የኮቱን ነገር ለእናቴ አነበብኩላት፣ ዝም አለች።

ሒሳቡን ሠራሁ። መብረቅ 31 ኪሎ ነበር፣ ስለዚህ ከአንድ ሊትር ትንሽ ይበልጣል። ጣሳው ለምን እንደከበደኝ ገባኝ።

ሦስት ጥያቄ አለኝ። እናቴ አሁን «ዛፍ ይተከልበት» ወደሚለው መጥታለች፤ ይሆናል ወይ? አንገቴ ላይ የማደርገው ነገር ሲሞላ እንዴት ነው የሚሞላው? ወንድሜስ ድርሻውን በአውሮፕላን ይዞ መሄድ ይችላል? አንድ የሚያሳፍረኝ ጥያቄም አለ። መጨረሻ ላይ በጣም ታሞ ስለነበር ሐኪሙ መርፌ ወግቶ ነው ያሳረፈው። መድኃኒቱ አመዱ ውስጥ ይኖራል?

የማታ ተረኛ

የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ ነው የምሠራው፤ በመጨረሻው ልጀምር። አያሳፍርም፣ ብዙ ሰው በሹክሹክታ የሚጠይቀን እሱን ነው። ፔንቶባርቢታል የሚባለው መድኃኒት በዚያ ሙቀት ይጠፋል። አደጋ ያለው ሳይቃጠል ሲቀበር ነው፤ ሬሳው ውስጥ ይቆያል፣ ሌላ እንስሳ ቆፍሮ ከበላው ይመርዘዋል። አመዱን በእጅሽ ብትነኪው ምንም አትሆኚም። ብናኙን ብቻ አትሳቢው፣ እንደ ማንኛውም ደቃቅ ብናኝ።

ይሄን ክር የሚያነብ፣ እንስሳው ገና በሕይወት ያለ ሰው ካለ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። «ለብቻው ይቃጠላል» ሲሏችሁ ምን ማለታቸው እንደሆነ ጠይቁ። ብዙዎቹ በጋራ የሚቃጠሉበት አለ፤ ያኔ አመዱ አይመለስላችሁም። በአንድ ምድጃ ተራርቀው ተቀምጠው የሚቃጠሉበትም አለ፤ ያኔ መቀላቀል አይቀርም። ብቻውን የሚገባበት ሦስተኛው ነው። ቁጥር የተቀረጸበት ትንሽ ብረት ከሬሳው ጋር እሳት ውስጥ ገብቶ አብሮ መውጣቱን ጠይቁ፤ እሱ ነው ማረጋገጫችሁ። ያም ሆኖ ምድጃው ወለል ላይ ከቀደመው ጥቂት ብናኝ መቅረቱ የማይቀር ነው። ይሄን በግልጽ የሚነግራችሁን እመኑት።

እንስሳው ሳይሄድ በፊት የእግሩን አሻራ በቀለም ወይም በሸክላ ጭቃ አስቀሩ፣ ከጀርባው ፀጉር ቆረጥ አድርጉ። አመድ ሁልጊዜ አለ፤ ፀጉር ግን ከእሳት በኋላ የለም። መጥተው «ፀጉሩን ማግኘት እንችላለን?» የሚሉን አሉ። ምን ብዬ እንደምመልስላቸው እስካሁን አልተማርኩም።

ስለ ንቅሳት ማንም ሳይጠይቀኝ ልመልስ፤ አመድ ከቀለም ጋር ቀላቅለው የሚነቀሱ አሉ። ከእሳት ሲወጣ ጀርም የለበትም፤ ከዚያ በኋላ ግን ስንት እጅ ነክቶታል። ቆዳም የማያውቀውን ነገር አንዳንዴ አይቀበልም። እኔ አላደርገውም። የመዳፉን አሻራ በንጹሕ ቀለም ተነቀሱ፣ ይበቃል።

አፈር ነኝ

የዛፉን ለኔ ተዉት።

ሰው «የምድጃ አመድ ለአፈር ጥሩ ነው» የሚለውን ሰምቶ ይሄንንም እንደዚያ ይገምተዋል። አይደለም። የአጥንት አመድ ጨው ይበዛዋል፣ ፒኤቹም (የአሲድነትና የአልካላይነት መለኪያው) 11 እና 12 የሚደርስ ነው፤ ሥር ያቃጥላል። እኔ በራሴ እጅ ያደረቅኩት ዛፍ አለ። ጉድጓድ ቆፈርኩ፣ የውሻዬን አመድ በሙሉ ገለበጥኩ፣ ችግኙን በላዩ አቆምኩ። ቅጠሉ ከጫፉ እየነደደ መጣ፣ ከዚያ ቡናማ ሆነ፣ ከዚያ ቆሞ ደረቀ። ውሻው ሁለት ጊዜ የሞተ ያህል ነው የተሰማኝ። በዚያ ላይ ቆፍሬ ሳይ አመዱ እንደ ሲሚንቶ ተጋግሮ ቁጭ ብሏል። እጄ አመድ አፋሽ ሆነ ማለት ያኔ ነው፣ በቁሙም በምሳሌውም።

እናትሽ ዛፍ ካለች እንደዚህ አድርጉ። ጥቂት ብቻ፣ አንድ ሁለት ማንኪያ፣ ከብዙ ብስባሽና አፈር ጋር በደንብ አሹት። ብዙውን የግድ መሬት ማስገባት ካለባችሁ ከሥሩ ራቅ አድርጋችሁ፣ ሰፋ ባለ ቦታ፣ ስስ አድርጋችሁ አዳርሱት። በመሬት ውስጥ የሚበሰብስ ዕቃ የሚሸጥም አለ፣ ከወረቀት የሚሠራ። ዕቃው ይበሰብሳል እንጂ አመዱ ያው አመድ ነው፣ ስለዚህ ያው ጥንቃቄ አይቀርም። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ዛፉን የምትተክሉበት መሬት ነገም የእናንተ ይሆናል ወይ ብላችሁ ተነጋገሩ። ቤት ሲለቀቅ ዛፍ አይጫንም። ለዚህ ነው እኔ አሁን ትልቅ ማሰሮ ውስጥ የምተክለው።

ቀጭን ሰንሰለት

የአንገቱን እኔ ልንገርሽ፣ ስድስት ዓመት አድርጌዋለሁ።

አመዱ የሚገባበት ቀዳዳ ከሩዝ ፍሬ ጥቂት የሚበልጥ ነው። ትንሽዬ ብሎን አለችው፣ ከላይ ወይም ከጀርባ። አመዱን በሻይ ማጥለያ አጣሪና ደቃቁን ብቻ ውሰጂ። ጠረጴዛ ላይ ነጭ ወረቀት አንጥፊ፣ ጥቁር ካለሽ ይሻላል፣ የወደቀው እንዲታይሽ። ሌላ ወረቀት አሹለሽ ጠቅልይና ጫፉን ቀዳዳው ላይ አድርገሽ በጥርስ መፋቂያ እንጨት ገፋ ገፋ አድርጊው። እስከ አፉ አትሙዪው፤ የብሎኑ ጥርስ መሃል ፍሬ ከገባ አይጠብቅም። ከመዝጋትሽ በፊት ጥርሱን በደረቅ ጨርቅ ጥረጊ፣ አንዲት ጠብታ ሙጫ አድርጊበትና ጠምዝዢ፣ ቀን ሙሉ አስቀምጪው። ማራገቢያ ካለ አጥፊው! እኔ ሁሉን አዘጋጅቼ አስነጥሼ ነው የጀመርኩት።

ገላ ስትታጠቢ አውልቂው፤ ሙጫውም ሰንሰለቱም ውሃና ሳሙና አይወዱም። የኔ ሰንሰለት በአራተኛው ዓመት መንገድ ላይ ተበጠሰ። አንገቴን ስነካ የለም። የመጣሁበትን መንገድ ሙሉ ጎንበስ ብዬ ተመለስኩ፣ ሰው ምን ጠፋሽ እያለኝ፣ እኔ ደግሞ «ድመቴ» እያልኩ፣ ሰዎቹ ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ «ውሮ ውሮ» እያሉ ሊፈልጉልኝ! በመጨረሻ ኮቴ ውስጥ ሆዴ ላይ ተጠልፎ አገኘሁት። ጉዳዩ ምን መሰለሽ፣ እየፈለግኩ ሳለ ቤት ሌላ እንዳለኝ ትዝ ሲለኝ እግሬ መንቀጥቀጡን አቆመ። አንገትሽ ላይ ያለው ብቸኛው አይሁን።

መንገደኛ

አውሮፕላኑን በአጭሩ፦ ብረት ዕቃ አይሁን። የፍተሻው ማሽን ውስጡን ማየት ካልቻለ አያሳልፉትም፣ እነሱም ከፍተው አይፈትሹም። እንጨት፣ ፕላስቲክ ወይም ካርቶን ይሁን። ያቃጠለው ድርጅት የሰጣችሁን ወረቀት አብሮ ይያዝ። በእጁ ይዞት ይግባ እንጂ ከሻንጣ ጋር አይላከው። አየር መንገዱንም የሚገባበትን አገር ደንብም አስቀድሞ ይጠይቅ፣ አንዱ የፈቀደውን ሌላው ይከለክላል።

ቆጥቋጭ

መልሼ መጣሁ። ከአመድ አልማዝ ይሠራል የሚሉትስ እውነት ነው? የምጠይቀው ለራሴ አይደለም።

የጥርሶ አባት

(ለራሱ ነው።)

አልማዝ ካርበን ነው። ካርበኑ ደግሞ ሲቃጠል አብዛኛው ጋዝ ሆኖ ሄዷል፤ አመዱ ውስጥ የሚቀረው እጅግ ጥቂት ነው። ያንን ለቅመው፣ ወይም ከፀጉሩ ካርበን አውጥተው፣ ከባድ ግፊትና ሙቀት ውስጥ ወራት አቆይተው የሚሠሩ አሉ። ድንጋዩ እውነተኛ አልማዝ ነው። ከሚገባበት ካርበን ውስጥ ስንቱ የእንስሳው እንደሆነ ግን ዓይቶ የሚያረጋግጥልህ የለም። ላመነው ይሁንለት፤ እኔ በዚያ ብር ሌላ ነገር አደርግበታለሁ።

የሁለት ልጆች እናት

ልጆች ያላችሁ፣ ሳትነግሯቸው እንዳትወስኑ። እኛ «ሄደ» ብለን ልናልፈው ፈልገን ነበር። የስድስት ዓመቷ ልጄ ሣጥኑን አይታ «ምንድነው?» አለች። ነገርኳት። መጀመሪያ የጠየቀችው «ሲቃጠል አመመው?» ነው። «ሞቷል፣ የሞተ አያመውም» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «ልያዘው» አለች። ታቅፋው ተቀመጠች። «ውይ፣ ቀሎ ቀርቷል» ብላ መለሰችልኝ። ከዚያ ወዲህ አላስፈራትም። የእርሳስ ሥዕል ሠርታ ክዳኑ ላይ ለጥፋለታለች፤ ውሻ ይሁን ፈረስ እሷ ናት የምታውቀው። የተገዛው የሚያምር ዕቃ ከነካርቶኑ አለ፣ ማን ያንን ሥዕል ነቅሎ ይቀይረዋል።

ምንም ያላደረገች

ሁሉም ያደረገውን ሲጽፍ እኔ ያላደረግኩትን ልጻፍ። ሰባት ዓመት ሆነው፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ሹራቦቹ መሃል ነው፣ በመጣበት ጣሳ። አልበተንኩትም፣ አልቀበርኩትም፣ ጌጥ አላሠራሁለትም። ሹራብ ሳወጣ በእጄ ጀርባ እነካዋለሁ፣ በቃ። ይሄም መምረጥ ነው። «አሁንም አላደረግሽውም?» የሚሉኝን መልስ መስጠት ትቻለሁ።

አንድ ነገር ግን አድርጉ፤ ስም ጻፉበት። ባለፈው ታምሜ ተኝቼ እህቴ ቤቴን ልታጸዳልኝ መጣች። ጣሳው ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው። ከፈተችው፣ የሆነ የጥገና ሲሚንቶ መሰላት፣ ቆሻሻው አጠገብ አቆመችው። ለሽንት ተነስቼ ባላየው ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ሌላ ነበር። አሁን በወፍራም እስክሪብቶ ስሙን፣ የሞተበትን ቀን፣ ከሥሩ «ይሄ ውሻዬ ነው፣ እንዳይጣል» ብዬ ጽፌበታለሁ። እህቴ እስካሁን ባየችው ቁጥር ይቅርታ ትጠይቀኛለች። እኔን ሳይሆን ጣሳውን።

ሽበት

የመብረቅ እህት፣ ጠፋሽ። ከምን ደረሳችሁ?

የመብረቅ እህት

ይቅርታ ጋሼ፣ ወንድሜ መጥቶ ስለነበር ነው የዘገየሁት።

ነገሩ እኛ ሳንወስን ተወሰነ። ከሁለት ሳምንት በፊት እናቴ ቤት ስታጸዳ ያንን የታኘከ ወንበር አጣችው። «ጣልከው እንዴ?» ብላ አባቴን ጠየቀችው። ስንት ዓመት ይጣል ስትል የኖረችው ሴት በቁጣ! አባቴ መልስ አልሰጠም። ከሥራ ሲመለስ ጓሮ ይገባል፣ መጋዝ ይሰማል፣ ማታ እጁን ታጥቦ ዝም ብሎ ይገባል። እሁድ ዕለት ሣጥን ይዞ መጣ። የወንበሩ መቀመጫ አራት ግድግዳ ሆኗል። የታኘኩትን ሁለት እግሮች ደግሞ ለሁለት ሰንጥቆ በአራቱ ማዕዘን አቁሟቸዋል። የጥርሱን ምልክት አላለሰለሰውም፤ ሌላውን ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ፣ ዘይት ቀብቶ፣ እሱን ብቻ እንዳለ ትቶታል። ጣት ሲያሳልፉበት ይታወቃል፣ የቡችላ ጥርስ፣ ጠባብ ጠባብ። ልኩን ከየት አመጣው ብዬ ሳስብ፣ ለካ ስለ ሊትሩ ለወንድሜ በስልክ ሳወራ ሰምቶኝ ነበር።

እናቴ ዛፉን ትታ አበባ አለች። አፈር ነኝ፣ አንተ እንዳልከው ሁለት ማንኪያ፣ ትልቅ ማሰሮ፣ ብዙ ብስባሽ። እስካሁን ቅጠሉ ደህና ነው፤ በቀን አራቴ እየሄደች ታየዋለች። የኔ አንገት ገና ነው፤ ደቃቁን አጣርቼ ወረቀት ውስጥ አስቀምጫለሁ። ወንድሜ በትንሽ የእንጨት ሙዳይ ወሰደ።

ቦታው ላይ ግን ተከራከርን። እናቴ ሳሎን መደርደሪያ ላይ፣ ከፎቶው ጋር አለች። ወንድሜ መስኮቱ ጋ አለ። አባቴ ሣጥኑን አነሳና በሩ ሥር፣ ግድግዳውን አስጠግቶ መሬት ላይ አስቀመጠው። «እዚህ እግር ይመታዋል» አለች እናቴ። «ይምታው» አለ።

ትናንት ጠዋት ከመኝታ ክፍሌ ሆኜ የበሩ መቀርቀሪያ ሲነሳ ሰማሁ። ከዚያ ትንሽ ዝምታ። ከዚያ የአባቴ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፣ «ተነስ እንጂ አንተ።»

ውሪት

አንቺ ልጅ፣ ቢሮ ውስጥ ነኝ እኮ።

ሙጫ በእጄ

አባትሽ ዘይት በመቀባቱ ተባረክ በይልኝ። ክዳኑን እንዴት ዘጋው? በሙጫ ነው በብሎን?

የመብረቅ እህት

በብሎን። ሙጫ ላድርግበት ወይ ብዬው «ወንድምሽ የወሰደው ትንሽ ነው፣ ሲጨርስ ይመጣል» አለኝ። ምኑን እንደሚጨርሰው አልጠየቅኩትም።